በብርሃን ያከሙት ሐኪም፦ የኒልስ ፊንሰን ሕይወት

ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ላሊበላና በዙሪያዋ ባለው የላስታ ደጋ ፀሐይ ብርቅ አይደለችም። ጠዋት ከደጅ ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ የአረጋውያን፣ ጨቅላን ፀሐይ ማሞቅም የእናቶች ወግ ነው። ብርሃንን ከልማድ አንሥተው የሕክምና ሳይንስ ካደረጉት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ግን የተወለዱት ፀሐይ በምትናፈቅበት ምድር ነበር።

ኒልስ ሪበርግ ፊንሰን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 15 ቀን 1860 በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ በሚገኙት የፋሮ ደሴቶች፣ በቶርስሃቭን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከአይስላንድ ቤተሰብ የተገኙ የመንግሥት ሹም ነበሩ፤ እናታቸውን ገና በአራት ዓመታቸው በሞት ተነጠቁ። በዴንማርክ የገቡበት አዳሪ ትምህርት ቤት ኃላፊ ልጁ ልበ መልካም ቢሆንም ችሎታና ትጋት እንደሚጎድለው መሰከሩባቸው። ወደ አይስላንድ ዋና ከተማ ሬይክያቪክ ተዛውረው ትምህርታቸውን ሲፈጽሙም ከ15 ተማሪዎች 11ኛ ወጡ።

በ1882 ወደ ኮፐንሃገን አቅንተው ሕክምና ማጥናት ጀመሩ፤ በ1890 ተመረቁ። በተማሪነት ዘመናቸው የጀመራቸው ሕመም ግን ዕድሜ ልካቸውን አልተለያቸውም። ልባቸውና ጉበታቸው ተጎዳ፤ ሆዳቸው ውኃ እየቋጠረ ተቸገሩ። የሚኖሩበት ክፍል ወደ ሰሜን የዞረና ፀሐይ የማይገባው በመሆኑ ብርሃን ለሰውነት ምን ይፈይዳል ብለው መመርመር ያዙ። አንዲት ድመት ጥላው በደረሰባት ቁጥር ከጥላው እየሸሸች ፀሐይ ወዳለበት ስትዛወር ማየታቸውም ጥያቄያቸውን አጠናከረው።

በ1893 የፈንጣጣ ሕሙማን ቀይ ብርሃን ብቻ በሚገባበት ክፍል ቢተኙ ጠባሳቸው እንደሚቀንስ የሚገልጽ ጽሑፍ አወጡ። ሐሳቡ በጊዜው ብዙዎችን ቢስብም የፈንጣጣን ታሪክ የዘጋው ክትባት እንጂ ቀይ መጋረጃ አልነበረም። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ የተመዘገበው በ1968 ዓ.ም ነው።

ዘላቂ ስም ያተረፈላቸው ሌላው ሥራቸው ነው። የቆዳ ቲቢ በዚያ ዘመን ፊትን እየበላ ሰውን ከሰው የሚያገልል፣ መድኃኒት ያልተገኘለት ደዌ ነበር። ፊንሰን በ1895 ከኤሌክትሪክ መብራት የሚወጣን ኃይለኛ ብርሃን በሌንስ አሰባስበው፣ ሙቀቱን በውኃ አብርደው በበሽተኛው ቆዳ ላይ አሳረፉ። የመጀመሪያው ታካሚ ለዓመታት በበሽታው የተሠቃየ መሐንዲስ ነበር፤ ፊቱም ዳነ። በማግስቱ ዓመት በኮፐንሃገን የፊንሰን የብርሃን ሕክምና ተቋም ተከፈተ፤ በጥቂት ዓመታትም ከ800 በላይ የቆዳ ቲቢ ሕሙማን ታከሙበት፤ አብዛኞቹም ተፈወሱ።

በ1903 የኖቤል የሕክምና ሽልማት ተሰጣቸው። ሆኖም ሕመሙ ጠንቶባቸው ስለነበር ወደ ስቶክሆልም ሊጓዙ አልቻሉም። ከሽልማቱ ገንዘብ ትልቁን ድርሻ ለተቋማቸውና ለልብና ለጉበት ሕሙማን ማረፊያ ሰጡ። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነውም ራሳቸውን እየመረመሩ፣ የሚበሉትንና የሚጠጡትን እየለኩ፣ ጨው በሰውነት ውስጥ ስለመጠራቀሙ ጻፉ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 24 ቀን 1904፣ በ43 ዓመታቸው አረፉ።

የጀመሩት መንገድ ግን ቀጠለ። በ1967 ሃንጋሪያዊው ሐኪም ኤንድሬ ሜስተር ደካማ የሌዘር ብርሃን ያሳረፉባቸው አይጦች የተላጨ ፀጉራቸው ፈጥኖ ሲያድግ አስተዋሉ። ዛሬ ተመራማሪዎች ለዓይን የማይታየውን፣ ከቀይ ቀጥሎ ያለውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን ለመርሳት በሽታና ለፓርኪንሰን እየፈተኑት ነው። መነሻቸው ብርሃኑ የሕዋስን የኃይል ማመንጫ፣ ማይቶኮንድሪያን፣ ያነቃቃል የሚል ነው። ነገር ግን የራስ ቅልን አልፎ ወደ አንጎል የሚደርሰው ብርሃን እጅግ ጥቂት ነው። አንጎላቸው ውስጥ ደም በመርጋቱ ለተጎዱ ሕሙማን የተካሄደ ትልቅ ሙከራም ጥቅሙ ባለመታየቱ በ2012 ተቋርጧል። በመርሳት በሽታ ላይ የተደረጉት ሙከራዎችም እስካሁን አነስተኛ በመሆናቸው ሕክምናው ፈዋሽነቱ አልተረጋገጠም።

የፊንሰን ሕይወት ለዚህ ዘመን የሚተርፍ ትምህርት አለው። የቆዳ ቲቢ ሕክምናቸው የታመነው ብርሃን ስላስደነቀ ሳይሆን ውጤቱ በበሽተኞች ተቆጥሮ ስለታየ ነው፤ የቀዩ ክፍል ሐሳብ ደግሞ በጊዜ ብዛት ተረሳ። በላስታ ገጠርም ይሁን በከተማ፣ ወላጁ የልጆቹን ስም መርሳት የጀመረበት ቤተሰብ ተስፋ የሚሸጥ መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት ሐኪም ማማከር ይገባዋል። እርጅና ብቻ ተብሎ የሚታለፈው መርሳት አንዳንድ ጊዜ ሊታከም የሚችል ሌላ ሕመም ውጤት ሊሆን ይችላልና።