ፍሬ ጽዮን፦ በአንድ ሥዕል ስሙ ከዘመን የተረፈ ሠዓሊ

በኢየሩሳሌም ዴር ሡልጣን የአርባዕቱ እንስሳ ቤተ ጸሎትን የተሳለመ ሰው፣ ንግሥተ ሳባ ወደ ንጉሥ ሰሎሞን መምጣቷን የሚያሳየውን ትልቅ ሥዕል ሳያይ አይወጣም። ሥዕሉ የቅርብ ዘመን ነው፤ የአገራችን አሣሣል ግን ሥሩ ሩቅ ነው። ከጥንቶቹ ሠዓሊዎች ስማቸው ከታወቀ ጥቂቶች አንዱ ፍሬ ጽዮን ነው።

ፍሬ ጽዮን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ መነኩሴ ነበር። በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም አንድ ትልቅ የእመቤታችን ሥዕል አለ። በዚያ ላይ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.)፣ ይስሐቅ የገዳሙ አበምኔት ሳለ፣ ሥዕሉን እሱ እንደሠራው ተጽፏል። በዚያን ጊዜ ሠዓሊ ሥራውን ለበረከት ይሠራል እንጂ ስሙን ብዙም አይጽፍም ነበር። ይቺ ጽሑፍ ባትኖር ኖሮ ዛሬ ፍሬ ጽዮን የሚባል ሰው ማንም አያውቅም ነበር።

ዘመኑ ለሥዕል ቀላል ዘመን አልነበረም። ንጉሡ የማርያምን በዓላት 33 አድርጎ ደነገገ፣ ለሥዕሏም ሕዝቡ እንዲሰግድ አዘዘ። ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት መነኮሳት አንሰግድም በማለታቸው ክፉኛ ተቀጡ፤ ብዙዎችም ሞቱ። (እነዚህ በስም ብቻ እንጂ ከዳጋ እስጢፋኖስ ጋር አንድ አይደሉም።) እንግዲህ ፍሬ ጽዮን ብሩሹን ያነሣው አንድ ሥዕል ሰውን በሚያስከብርበትም በሚያስቀጣበትም ጊዜ ነው።

ታዲያ ሥዕሉን ምን ለየው? መጀመሪያ መስመሩ ነው፤ የልብሱ እጥፋት በተደጋገሙ ቀጫጭን መስመሮች ይወርዳል። ሁለተኛ ቅርጹ፤ ፊቱ ክብ ነው፣ ዓይኖቹም ጎልተው ይታያሉ። ሦስተኛ ቀለሙ፤ ቀዩ፣ ቢጫውና ሰማያዊው እየራሱ ደምቆ ይቆማል። ጉንጭ ላይ ሲደርስ ግን ቀለሙን ቀስ እያለ ያጠቁረዋል፤ ፊቱም ሕይወት ያለው ይመስላል። አራተኛ ቦታው፤ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ መሃል ትቀመጣለች፣ ሊቃነ መላእክት በግራና በቀኝ ይቆማሉ። ዓይን መጀመሪያ የት ማረፍ እንዳለበት ሠዓሊው አስቀድሞ ወስኖታል ማለት ነው።

ምሁራን በሥራው የውጭ አገር፣ በተለይም የኢጣልያ፣ ሥዕል ተጽዕኖ ያያሉ። ኢየሩሳሌም ደግሞ ያኔ የዓለም መገናኛ ነበረች። በ1441 እ.ኤ.አ. የኢየሩሳሌሙ አባ ኒቆዲሞስ የላኳቸው መነኮሳት እስከ ፍሎረንስ ጉባኤ ድረስ ሄደዋል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ለኢየሩሳሌም ማኅበር የሲኖዶስ መጽሐፍ ከደብዳቤ ጋር ልኳል።

የፍሬ ጽዮንን እጅ የተከተሉ ሥዕሎች ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየምና በአሜሪካ ባልቲሞር ይገኛሉ። በአገራችን ሥዕል ጻድቅ ሰው በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፣ ክፉው ግን በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህን አባቶችና እናቶች ሳይነገራቸው ያውቁታል፤ እዚህ አገር የተወለደ የልጅ ልጅ ግን ካልነገሩት ሥዕሉን እያየ አያነበውም።