በርት ሙንሮ

በርት ሙንሮ (ሙሉ ስሙ ኸርበርት ጄምስ ሙንሮ፤ ማርች 25 ቀን 1899 – ጃንዋሪ 6 ቀን 1978 እ.ኤ.አ.) የኒው ዚላንድ ተወላጅ የሆነ የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪና መካኒክ ነበር። በ1920 የገዛውን አንድ ኢንዲያን ስካውት ሞተር ሳይክል ለአሥርት ዓመታት በገዛ እጁ እያሻሻለ፣ አሜሪካ ውስጥ በሚገኘው በቦነቪል የጨው ሜዳ ላይ ሦስት ጊዜ የፍጥነት ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። የመጨረሻውን ክብረ ወሰን ሲይዝ እርሱ የ68 ዓመት ሰው፣ ሞተር ሳይክሉ ደግሞ የ47 ዓመት አሮጌ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ኢንዲያን የሚለው ስም አንባቢን ሊያሳስት ስለሚችል አስቀድሞ መግለጽ ያስፈልጋል። ስሙ ከሕንድ አገር ጋር ግንኙነት የለውም፤ በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ የነበረ የአሜሪካ የሞተር ሳይክል ፋብሪካ ስም ነው። ስለ ሙንሮ የተሠራው ታዋቂ ፊልም ርዕስ ቃል በቃል ሲተረጎም ስለ አንድ ፈጣን ሕንዳዊ የሚናገር የሚመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የልጅነትና የወጣትነት ዘመን

ሙንሮ የተወለደው በኒው ዚላንድ ደቡባዊ ጫፍ በምትገኘው በኢንቨርካርጊል ከተማ ነው። መንታ እህቱ በወሊድ ጊዜ ሞታለች፤ ሐኪሞችም እርሱ ራሱ ከሁለት ዓመት በላይ እንደማይኖር ለወላጆቹ ነግረዋቸው ነበር። ያደገው ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ኢደንዴል በምትባል ቦታ በነበረው የቤተሰቡ እርሻ ላይ ነው። የእርሻ ሥራና ጸጥ ያለው የገጠር ኑሮ ብዙም አይስበውም ነበር፤ አባቱ እየተቆጡትም ቢሆን በቤቱ ካሉት ፈረሶች ፈጣኑን መርጦ በእርሻው ላይ ይጋልብ ነበር።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ለመዝመት ፈልጎ እንደነበር ይነገራል፤ ምክንያቱም ሌላውን ዓለም ለማየት ነበር። ሆኖም እስከ ጦርነቱ መጨረሻ ድረስ ከእርሻው አልወጣም። ቀጥሎ በኦቲራ የባቡር ዋሻ ግንባታ ላይ ሠርቶ፣ አባቱ አዲስ እርሻ ሲገዙ ተመልሶ ተጠራ። የመጀመሪያ ሞተር ሳይክሉ በ16 ዓመቱ የያዘው ዳግላስ የተባለ የእንግሊዝ ሥሪት ነበር። በ1919 ከጎኑ ሰው የሚጭን ጋሪ ያለው ክላይኖ ገዛና ጋሪውን ፈትቶ ለውድድር አዋለው።

ኢንዲያን ስካውት

በ1920 ሙንሮ ዕድሜውን ሁሉ አብሮት የሚኖረውን ሞተር ሳይክል ገዛ። የሞተሩ ቁጥር 50አር627 ሲሆን፣ ኢንዲያን ፋብሪካ ስካውት የተባለውን ሞዴል ማምረት ሲጀምር ከወጡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ሞዴሉን የነደፈው ቻርልስ ፍራንክሊን የተባለ አየርላንዳዊ መሐንዲስ ነው። ሞተሩ በቪ ፊደል ቅርፅ የተቀመጡ ሁለት ሲሊንደሮች ያሉት ባለ 600 ሲሲ ሲሆን፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 55 ማይል (89 ኪሎ ሜትር ገደማ) ነበር።

ይህ ፍጥነት ለመንገድ በቂ ነበር፤ ሙንሮን ግን አላረካውም። በ1926 ሞተሩን ፈትቶ ማሻሻል ጀመረ። ከዚያ በኋላ ሥራው አላቋረጠም ማለት ይቻላል። ለጥቂት ጊዜ በትራክ ላይ በሚደረግ ውድድር ሙያተኛ ተወዳዳሪ ሆኖ ነበር፤ ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ሲመጣ ግን ወደ ቤተሰቡ እርሻ ተመለሰ። በኋላም የሞተር ሳይክል ሻጭና መካኒክ ሆኖ ተቀጠረ። ቀን የሌሎችን ሲሸጥና ሲጠግን ይውላል፣ ማታ የራሱን ይፈታል።

ጋራዡና የሥራ ዘዴው

ገንዘብ ስላልነበረው አብዛኛውን መለዋወጫ ራሱ ይሠራ ነበር። አሮጌ የቆርቆሮ ጣሳዎችን እንደ ቅርፅ ማውጫ እየተጠቀመ ብረት አቅልጦ ያፈስ ነበር። ፒስተኖቹን፣ ሲሊንደሮቹንና ቮላኖውን ሳይቀር በዚህ ዓይነት ሠርቷል። ለማይክሮሜትር ምትክ የሚጠቀመው ከጎማ ላይ የወጣ አሮጌ ራጂ ነበር።

ከሁሉ የሚነገርለት ቢየላውን የሠራበት መንገድ ነው። ቢየላ ፒስተኑን ከኮሎ ጋር የሚያያዘው ክንድ ነው። ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ይህ ክንድ በያንዳንዱ ዙር ይገፋል፣ መልሶም ይሳባል፤ የሞተሩ ዙር በእጥፍ ሲጨምር በላዩ ላይ የሚያርፈው የመሳብ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ለ89 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የተሠራ ቢየላ ከዚያ በላይ ሲጠየቅ መሰበሩ፣ ሲሰበርም ሞተሩን ከውስጥ ቀዶ መውጣቱ አይቀርም። ሙንሮ መፍትሔውን ያገኘው በአሮጌ ትራክተር አክስል ውስጥ ነበር። አክስል ከባድ ጭነትና ጥምዘዛ እንዲችል ከጠንካራ ብረት ስለሚሠራ፣ እርሱን በብረት መጋዝ ቆርጦና በሞረድ ሞርዶ ቢየላ አወጣለት። ለአንድ ጥንድ ቢየላ የወራት ሥራ ይጠይቅ ነበር። ይህን ሥራ በቶርኖ ቤት አስቆርጦ ለሚያውቅ ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው።

ሌላው ትልቅ ለውጥ የቫልቮላዎቹ ቦታ ነበር። በመጀመሪያው ስካውት ቫልቮላዎቹ ከሲሊንደሩ ጎን ስለሆኑ ነዳጅና አየሩ ወደ ውስጥ የሚገባው ተጣምሞ ነው። ሙንሮ የራሱን ቴስታታ ሠርቶ ቫልቮላዎቹን ከላይ አደረጋቸው። የሞተሩ መጠንም ከ600 ሲሲ ተነስቶ ቀስ በቀስ እስከ 950 ሲሲ ደረሰ።

በጋራዡ ውስጥ አንድ መደርደሪያ ነበረው። በላዩ ላይ የተሰባበሩ ፒስተኖች፣ የተጣመሙ ቫልቮላዎችና የተቆረጡ ቢየላዎች ተደርድረዋል። እነዚህ ሁሉ ለፍጥነት አምላክ የቀረቡ መሥዋዕቶች መሆናቸውን የሚናገር ጽሑፍም ጽፎበት ነበር። ቀልድ ነው፤ ነገር ግን የመሥዋዕቱ ዝርዝር በመደርደሪያው ላይ ባሉት ብረቶች አያበቃም። በ1927 የመሠረተው ትዳር በ1947 በፍቺ አብቅቷል። በ1940ዎቹ መጨረሻ ተቀጥሮ መሥራቱን ትቶ፣ ሞተር ሳይክሎቹ ባሉበት ጋራዥ ውስጥ መኖር ጀመረ። ስለ እርሱ የሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች ይህን እንደ አስቂኝ የሽማግሌ ጠባይ ያልፉታል፤ አራት ልጆች ላሉት አባት ግን ቀላል ምርጫ አልነበረም።

ከኢንዲያኑ ሌላ የ1936 ሥሪት የሆነ ቬሎሴት ኤምኤስኤስም ነበረው፤ እርሱንም በተመሳሳይ መንገድ አሻሽሎታል።

በኒው ዚላንድ የተያዙ ክብረ ወሰኖች

የመጀመሪያውን የአገሩን ክብረ ወሰን ያስመዘገበው በ1938 ነው። በ1940 በአውራ ጎዳና ላይ በሰዓት 120.8 ማይል (194.4 ኪሎ ሜትር) ሄደ። ዋና መለማመጃው በኢንቨርካርጊል አጠገብ የሚገኘው የኦሬቲ የባሕር ዳርቻ ነበር። የባሕሩ ውኃ ወደ ኋላ ሲመለስ የሚቀረው እርጥብ አሸዋ ጠንካራና ረጅም ሜዳ ይሆናል። በ1957 በባሕር ዳርቻ ላይ በሰዓት 131.38 ማይል (211.4 ኪሎ ሜትር) አስመዝግቧል። ከዚህ በላይ ለመሄድ ግን አሸዋው አይበቃም ነበር።

ቦነቪል

የቦነቪል የጨው ሜዳ በአሜሪካ በዩታ ግዛት የሚገኝ የደረቀ የጥንት ሐይቅ ወለል ነው። በአፋር ያለውን የጨው ሜዳ ያየ ሰው መልኩን በቀላሉ ሊገምተው ይችላል፤ ልዩነቱ አፋሩ ከባሕር ወለል በታች ሲሆን ቦነቪል ወደ 1,280 ሜትር ከፍታ ላይ መሆኑ ነው። በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ በበጋ ሲደርቅ ጠፍጣፋና ጠንካራ ሆኖ ይቀራል። የተወዳዳሪው መሪ በጨው ላይ የተሰመረ ጥቁር መስመር ብቻ ነው።

ሙንሮ ወደዚያ አሥር ጊዜ ተጉዟል፤ የመጀመሪያው ለማየት ብቻ ነበር። ሞተር ሳይክሉን ከኒው ዚላንድ በመርከብ ማድረስ ለእርሱ ትልቅ ወጪ ነበር። በዚያ ላይ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የልብ ሕመም ነበረበት። በሜዳው ላይ ያገኛቸው የአሜሪካ ተወዳዳሪዎች፣ በተለይ ማርቲ ዲከርሰንና ሮሊ ፍሪ፣ ወዳጆቹ ሆነው ረድተውታል። የእንግሊዝኛ ስሙ አጻጻፍ በአንድ ፊደል የተለወጠውም በዚያ ዘመን አንድ የአሜሪካ መጽሔት በስህተት ከጻፈው በኋላ ነው፤ እርሱ ስህተቱን ወድዶት ያዘው። በአማርኛ ሁለቱም በርት ተብለው ስለሚጻፉ ልዩነቱ አይታይም።

በአሮጌው ሞተር ሳይክል ላይ የነበረው ፈተና ምን ያህል እንደሆነ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። የአየር ተቃውሞን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው የሞተር ኃይል ፍጥነቱ በሚያድግበት መጠን ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ይጨምራል። ፍጥነትን ከ89 ወደ 296 ኪሎ ሜትር ማድረስ 3.3 እጥፍ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ቅርፁ ባይለወጥ ኖሮ 37 እጥፍ ያህል ኃይል ያስፈልግ ነበር። የሞተሩ መጠን ግን ያደገው በ58 በመቶ ብቻ ነው። የቀረውን ማምጣት የነበረባቸው ሞተሩ በፍጥነት መሽከርከሩና የነጂው አካል የሚደበቅበት የዓሣ ቅርፅ ያለው ሽፋን ናቸው። ሽፋኑን ሙንሮ መጀመሪያ ከአሉሚኒየም ቀጥቅጦ፣ በኋላ ደግሞ ከፋይበርግላስ ሠርቶታል። ነጂው በውስጡ በደረቱ ተኝቶ ነው የሚነዳው።

በቦነቪል ክብረ ወሰን የሚመዘገበው በተቃራኒ አቅጣጫ በሚደረጉ ሁለት ጉዞዎች አማካይ ነው፤ ይህም ነፋስ ከኋላ ገፍቶ ያልተገባ ጥቅም እንዳይሰጥ ነው። በ1962 ሙንሮ በ883 ሲሲ ክፍል በሰዓት 178.95 ማይል (288 ኪሎ ሜትር) አስመዘገበ። በ1966 በ1000 ሲሲ ክፍል 168.07 ማይል (270.5 ኪሎ ሜትር) ሄደ። በ1967 በዚሁ ክፍል 183.59 ማይል (295.5 ኪሎ ሜትር) ደረሰ። ለዚህ ክብረ ወሰን ብቁ ለመሆን በአንድ አቅጣጫ ባደረገው ጉዞ ደግሞ 190.07 ማይል (305.9 ኪሎ ሜትር) ተለክቶለታል፤ ይህ በኢንዲያን ሞተር ሳይክል ላይ በይፋ ከተመዘገቡት ፍጥነቶች ሁሉ የላቀ ነበር። ኢንዲያን ፋብሪካ ራሱ በዚያን ጊዜ ማምረት ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

ጉዞው ያለ አደጋ አልነበረም። በ1967 ከመንገዱ ግማሽ ካለፈ በኋላ ሞተር ሳይክሉ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ጀመረ። በዚያ ፍጥነት ፍሬን መያዝ ስለማያዋጣ፣ ነፋሱ እንዲያቀዘቅዘው ብሎ ከሽፋኑ ውስጥ ቀና አለ። ነፋሱ መነጽሩን ነጥቆ ወሰደው፤ ዓይኑም ማየት አቆመ። ከጥቁሩ መስመር ወጥቶ ከአንድ የብረት ምልክት ጋር ለጥቂት ሳይጋጭ ካለፈ በኋላ ሞተር ሳይክሉን ሆን ብሎ በጎኑ ጣለው። በጥቂት ጭረት ተርፎ ተነሳ።

የመጨረሻ ዓመታት

ከዚያ በኋላም በአገሩ መወዳደሩን አልተወም። በ1977 ግን በስትሮክ ታምሞ ሆስፒታል ገባ፤ ከዚያ በኋላ ሞተር ሳይክል እንደ ቀድሞው መንዳት እንደማይችል ገባው። ሁለቱ ሞተር ሳይክሎቹ ከሳውዝላንድ እንዳይወጡ ስለፈለገ ለአንድ የኢንቨርካርጊል ነጋዴ ሸጣቸው። ጃንዋሪ 6 ቀን 1978 በ78 ዓመቱ አርፎ በከተማዋ ምሥራቃዊ መካነ መቃብር ተቀበረ።

ከሞቱ በኋላ

ዳይሬክተር ሮጀር ዶናልድሰን ሙንሮ በሕይወት ሳለ በመደርደሪያው ጽሑፍ የተሰየመ ዘጋቢ ፊልም ሠርቶበት ነበር። በ2005 ደግሞ አንቶኒ ሆፕኪንስ ሙንሮን ሆኖ የሚጫወትበትን ፊልም አወጣ። ብዙ ሰው ሙንሮን የሚያውቀው በዚህ ፊልም ቢሆንም፣ ፊልሙ የብዙ ዓመታት ጉዞዎችን እንደ አንድ ጉዞ አድርጎ ስለሚተርክ ለቀንና ለቁጥር ማስረጃ ሊሆን አይችልም። በ2006 የአሜሪካ ሞተር ሳይክል ማኅበር ስሙን በታላላቅ ሰዎች መዝገቡ ውስጥ አስገባው። በዚያው ዓመት በሳውዝላንድ በስሙ የተሰየመ ዓመታዊ ውድድር ተጀመረ፤ ከውድድሮቹ አንዱ በኦሬቲ አሸዋ ላይ ይካሄዳል።

የ1967ቱ ቁጥርም ሳይነካ አልቀረም። ወንድ ልጁ በአማካዩ ስሌት ላይ ስህተት እንዳለ አስተውሎ ለማኅበሩ አመለከተ። ማኅበሩም መዝገቡን መርምሮ በ2014፣ ሙንሮ ከሞተ ከ36 ዓመት በኋላ፣ ክብረ ወሰኑን ወደ 184.087 ማይል (296.26 ኪሎ ሜትር) አረመው። ልዩነቱ ግማሽ ማይል አይሞላም።

ሞተር ሳይክሎቹ ዛሬ በኢንቨርካርጊል ኢ. ሄይስ በተባለ የብረታ ብረትና የመሣሪያ መደብር ውስጥ፣ ዕቃ ሊገዙ ከሚመጡ ደንበኞች መካከል ይታያሉ።