ቁልፍ ሠሪው ኤሚል ፊሸር

ኤሚል ፊሸር በ1852 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በጀርመን አገር፣ ኦይስኪርሸን በተባለች ከተማ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው ንግዱን እንዲወርሱላቸው ቢመኙም፣ በእንጨት ንግድ ቤት ጥቂት እንደ ሠሩ ለዚያ ሥራ እንዳልተፈጠሩ ታወቀ። ስለዚህም ወደ ቦን፣ ከዚያም ወደ ስትራስቡርግ ሄደው ተማሩ፤ በ1874 በኬሚስትሪ የዶክትርና ማዕረግ ተቀበሉ።

በዓመቱ ያገኙት ፌኒልሃይድራዚን የተባለ ውህድ የስኳሮችን ባሕርይ ለመለየት ረዳቸው፤ ነገር ግን መርዝነት ስላለው ጤናቸውን ጐዳው። በቡና ውስጥ ያለውን ካፌይንም በ1890ዎቹ በቤተ ሙከራ ሠርተዋል፤ ለቡና አገር አንባቢ ይህ ብቻ ስማቸውን ለማስታወስ ይበቃ ነበር። የ1902 የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸውም ስለ ስኳሮችና የካፌይን ዘመዶች ስለሆኑት ፑሪኖች ነው።

ለመድኃኒት ሙያ ግን የሚበልጠው ሌላው ሥራቸው ነው። የእርሾ ኢንዛይም አንዱን የስኳር ውህድ ሲሰብር፣ ከአልሞንድ ፍሬ የሚገኘው ደግሞ ያንን ትቶ መንትያውን ብቻ ሲሰብር ተመለከቱ። ሁለቱ ውህዶች አቶሞቻቸው አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚለያዩት በቅርጽ ነው። እንግዲህ በ1894 ኢንዛይሙን በጓጉንቸር፣ ውህዱን በቁልፍ መሰሉት፤ ካልተገጣጠሙ ሥራ የለም።

በ1899 ገደማ ፊታቸውን ወደ ፕሮቲን አዞሩ። በ1901 ሁለት የግላይሲን ሞለኪውሎችን አጣመሩ፤ ለእንዲህ ያለው ሰንሰለት ፔፕታይድ የሚለውን ስም ያወጡትም እርሳቸው ናቸው። በ1907 ዐሥራ ስምንት ቀለበት ያለው ሰንሰለት ሠሩ፤ ዐሥራ አምስቱ ግላይሲን፣ ሦስቱ ሊውሲን። ዕቃው ውድ፣ ድካሙም ብዙ ነበር። ከሁሉ የሚከብደው ግን የቁጥሩ ነገር ነው፤ ከሃያዎቹ አሚኖ አሲዶች ባለ ዐሥር ቀለበት ሰንሰለት ለመሥራት ከ10 ትሪሊዮን የሚበልጥ አደራደር አለ። የትኛው ቁልፍ ለየትኛው በሽታ ጓጉንቸር እንደሚገጥም አንድ በአንድ እየሠሩ ለመሞከር የሰው ዕድሜ አይበቃም። ዛሬ ኮምፒዩተር ቅርጽን ከቅርጽ እያስተያየ የማይሆኑትን አስቀድሞ ይጥላል፤ የቀሩትን ጥቂቶች በቤተ ሙከራ ሠርቶ መፈተን ግን አሁንም ግድ ነው። የፊሸር ምሳሌም ሙሉ አይደለም፤ ጓጉንቸሩም ቁልፉም ይተጣጠፋሉ፤ ፔፕታይድን በስሌት መንደፍ የሚያዳግተው በአብዛኛው ስለዚሁ ነው።

ፊሸር ባለቤታቸው በ1895 ሞተውባቸው፣ ከሦስት ወንዶች ልጆቻቸው ሁለቱን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አጥተው፣ በካንሰር ታመው በሐምሌ 1919 በበርሊን አረፉ። ከ34 ዓመት በኋላ በአሜሪካ ቪንሰንት ዱ ቪኞ ባለ ዘጠኝ ቀለበቱን ኦክሲቶሲን በቤተ ሙከራ መሥራታቸውን አስታወቁ። በየካ አባዶም ሆነ በሌላ ሥፍራ፣ ወልዳ ደም ለሚፈስሳት እናት የሚሰጠው መርፌ ይኸው ነው።