ተማሪ ሳለ መምህር የሆነው ሀቢብ ጊዮርጊስ

ውድ ልጆች፣ ዛሬ የአንድ ተማሪን ታሪክ እንማራለን። ስታነቡ በልባችሁ አንድ ጥያቄ ያዙ። መምህር በሌለበት ቀን ተማሪ ምን ማድረግ ይገባዋል?

ይህ ተማሪ ሀቢብ ጊዮርጊስ ይባላል። የተወለደው በ1876 በግብፅ ዋና ከተማ በካይሮ ነው። በዚህ ትምህርት የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስተውሉ። አባቱ የሞተው እርሱ ገና የስድስት ዓመት ሕፃን ሳለ ነው። ከእናንተ መካከል ወላጁን በሞት ያጣ ቢኖር የሀቢብን ኀዘን ያውቀዋል። ነገር ግን ሀቢብ ከትምህርት ገበታው አልራቀም።

ሀቢብ የገባው ታላቁ የቅብጥ ትምህርት ቤት በሚባለው ነው። ቅብጥ ማለት የግብፅ ክርስቲያን ማለት ነው። ይህን ትምህርት ቤት ያቋቋሙት ከ1854 እስከ 1861 በእስክንድርያ መንበር የተቀመጡት ፓትርያርክ አቡነ ቄርሎስ 4ኛ ናቸው። እኒህ አባት ለአገራችን እንግዳ አይደሉም። በ1856 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ተገናኝተዋል። ለሕዝባቸውም የማተሚያ መኪና ከአውሮፓ አስመጥተዋል። መኪናው ካይሮ ሲደርስ ዲያቆናት የአገልግሎት ልብሳቸውን ለብሰው በመዝሙር እንዲቀበሉት አዘዙ። መጽሐፍ ለሕዝብ ብርሃን መሆኑን ያውቁ ነበርና ብረቱን እንደ ክቡር እንግዳ አስተናገዱት። የካይሮ ክርስቲያኖች በዚህ ትምህርት ቤት ይኰሩ ነበር። ሀቢብም በ1892 ትምህርቱን እዚያ ፈጸመ።

በ1893 በፓትርያርኩ በአቡነ ቄርሎስ 5ኛ ዘመን የካህናት ኮሌጅ በካይሮ ተከፈተ። ሀቢብም ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ሆነ። ልጆች፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሀቢብ ወደ ኮሌጁ የገባው ሃይማኖቱን ጠንቅቆ ለማወቅ ነበር። ዳሩ ግን በኮሌጁ ውስጥ ዋናውን ትምህርት፣ ማለትም ትምህርተ ሃይማኖትን፣ በሚገባ የሚያስተምር መምህር አልነበረም። ውኃ ሊቀዳ ወርዶ ምንጩን ደርቆ ያገኘ ሰው ምን ይሰማዋል? የሀቢብም ነገር እንዲህ ነበር።

ሀቢብ ግን ተስፋ አልቈረጠም። መጻሕፍትን እየፈለገ ማንበብ ጀመረ። የአበውን ትምህርት መረመረ። ያልገባውን ደጋግሞ አነበበ። ዓመታት አለፉ። በ1898፣ ገና የመጨረሻው ዓመት ተማሪ ሳለ፣ በዚያው ኮሌጅ ትምህርተ ሃይማኖትን እንዲያስተምር ተሾመ። ትናንት ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ወንበር ይቀመጥ የነበረው ወጣት በፊታቸው ቆሞ የሚያስተምር ሆነ። ዕድሜው 22 ዓመት ገደማ ነበር። ልጆች፣ ሀቢብ መምህር ሆኗልና ከዚህ በኋላ እኛም አንቱ እያልን በክብር እንጠራቸዋለን።

መምህር ሀቢብ ቀና ብለው ሕዝባቸውን በተመለከቱ ጊዜ ልባቸው አዘነ። የግብፅ ክርስቲያን በቤቱና በገበያው የሚናገረው ዐረብኛ ነው። በቅዳሴ ይሰማው የነበረው ግን በአብዛኛው ጥንታዊው የቅብጥ ቋንቋ ነበር። እኛ ግእዝ ካልተማርን ቅዳሴው እንደማይገባን ሁሉ የእነርሱም ልጆች አይገባቸውም ነበር። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የክርስቲያን ልጆች ስለ ሃይማኖታቸው አይማሩም ነበር። ከውጭ የመጡ ሚስዮናውያንም ትምህርት ቤት ከፍተው ብዙ ልጆችን ወደ ራሳቸው ይስቡ ነበር። እነዚህ ልጆች ምንም ሳያውቁ ቢያድጉ ነገ ቤተ ክርስቲያኑን ማን ይጠብቃል?

ስለዚህ መምህር ሀቢብ ሕፃናትን ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። ይህም በግብፅ የሰንበት ትምህርት ቤት መነሻ ሆነ። በ1918 አገልግሎቱን በአንድነት የሚመራ ኮሚቴ ተቋቋመ። የሚያስተምሩትም ካህናት ብቻ አልነበሩም። ወጣት ተማሪዎችም በዕረፍታቸው ቀን ታናናሾቻቸውን ያስተምሩ ነበር። በዚህ መንገድ አገልግሎቱ ከካይሮ አልፎ ወደ ሌሎች ከተሞችና መንደሮች ተስፋፋ።

መምህር ሀቢብ በዚህ አላበቁም። የክርስቲያን ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤትም ሃይማኖታቸውን እንዲማሩ ደከሙ። ፈቃድ በተገኘም ጊዜ ለልጆቹ የሚሆን የመማሪያ መጽሐፍ ያስፈልግ ነበርና ራሳቸው አዘጋጁ። ስለ ሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያንም መጽሐፍ ጻፉ። አል ካርማ የተባለ መጽሔትም ያሳትሙ ነበር። ትርጓሜውም የወይን ተክል ማለት ነው።

በዚያው በ1918 የኮሌጁ ኀላፊ ሆኑ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም 33 ዓመት መሩት። አንድ ጊዜ መምህር ያጡበት ቤት በእጃቸው የመምህራን መፍለቂያ ሆነ። ሚስት ሳያገቡ፣ ሀብት ሳያከማቹ ዕድሜያቸውን በሙሉ ለተማሪዎቻቸው ሰጡ። በሊቀ ዲያቆናትነት ማዕርግም አገለገሉ። ነሐሴ 21 ቀን 1951 ዐረፉ። ይህም በእኛ አቈጣጠር ነሐሴ 15 ቀን 1943 ዓ.ም. ነው።

ዛፍ የሚታወቀው በፍሬው ነው። ሊቀ ዲያቆናት ሀቢብ ካስተማሯቸው ወጣቶች አንዱ በኋላ ከ1971 እስከ 2012 የእስክንድርያ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ሺኖዳ 3ኛ ናቸው። ከሰንበት ትምህርት ቤቶቹም ብዙ መነኰሳት፣ ካህናትና ጳጳሳት ወጡ። በ2013 የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሲኖዶስ ሊቀ ዲያቆናት ሀቢብን ከቅዱሳን ጋር ቈጠራቸው።

ልጆች፣ አሁን በመጀመሪያ ወደ ያዝነው ጥያቄ እንመለስ። መምህር ሳይመጣ የቀረበትን ቀን አስታውሱ። አንዳንዱ ኳስ ይዞ ይሮጣል። አንዳንዱ ከጓደኛው ጋር ይጣላል። አንዱ ግን መጽሐፉን ገልጦ ታናሹን አጠገቡ ያስቀምጠዋል። በአብነት ትምህርት ቤታችን ታላቁ ተማሪ ታናሹን ፊደል ያስቈጥረዋል፣ ንባብ ያስጠናዋል። የክፍል አለቃ መሆን ማለትም ይኸው ነው። የረባሾችን ስም ጽፎ ለመምህር መስጠት ብቻ አይደለም። አለቃ የሚባለው ቀድሞ የሚመጣ፣ ቀድሞ የሚያጠና፣ የደከመውን ጓደኛውን የሚያግዝ ነው።

ደግሞም እናንተ ቤተ ክርስቲያናችሁን፣ ትምህርት ቤታችሁንና ሰፈራችሁን ትወዳላችሁ። መውደድ መልካም ነው። ነገር ግን ሳያውቁ መኩራት ባዶ ነው። ሊቀ ዲያቆናት ሀቢብ በቤተ ክርስቲያናቸው ይኰሩ ስለነበር የጐደላትን አይተው ዝም አላሉም። ማንም እስኪያዝዛቸው ሳይጠብቁ ከራሳቸው ጀመሩ። እናንተም በዚህ ሳምንት አንድ የምታውቁትን ነገር ለአንድ ታናሽ ልጅ አስተምሩ። አንድ ፊደል ቢሆን፣ አንድ መዝሙር ቢሆን በቂ ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች
1. አቡነ ቄርሎስ 4ኛ የማተሚያ መኪናውን በመዝሙር ያስቀበሉት ለምንድን ነው?
2. ሀቢብ በኮሌጁ መምህር ባጣ ጊዜ ምን አደረገ?
3. የግብፅ ልጆች ቅዳሴው የማይገባቸው ለምን ነበር? ይህ ከእኛ ጋር በምን ይመሳሰላል?
4. በዚህ ሳምንት ማንን ምን ልታስተምሩ አሰባችሁ? በሚቀጥለው ጉባኤ ለጓደኞቻችሁ ተናገሩ።