ራስ አበበ አረጋይና የሰማይ ጠላት

አይሮፕላን በሰማይ ላይ ሲያንዣብብ ለሚያየው ሰው የማይደፈር መስሎ ይታያል። ነገር ግን ንስርም ቢሆን ጎጆ አለው። አይሮፕላንም ቤንዚን የሚቀዳለት፣ ቦምብ የሚጫንለት፣ የተበላሸው አካሉ የሚጠገንለት በመሬት ላይ ነው። ማረፊያው ላይ በቆመ ጊዜ መሸሽ አይችልም፤ ሆዱ በቤንዚን የተሞላ ስለ ሆነም አንዲት ፍንጣሪ ታቃጥለዋለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ አይሮፕላኖች የጠላትን የአይሮፕላን ማረፊያ ጭምር ይደበድቡ የነበረው ስለዚህ ነው።

ይህን ለማድረግ ግን የራስ አይሮፕላን ያስፈልጋል። አይሮፕላን የሌለው ሕዝብስ ምን ያድርግ? ዛሬ በአጭሩ ሕይወታቸውን የምንተርክላቸው ሰው ይህ ጥያቄ አምስት ዓመት ሙሉ በራሳቸው ላይ ሲያንዣብብ የኖረ ናቸው። እኚህም የሸዋው አርበኛ ራስ አበበ አረጋይ ናቸው።

ራስ አበበ በ1895 ዓ.ም. ተወለዱ። በእናታቸው በኩል የስመ ጥሩው የጦር አለቃ የራስ ጎበና ዳጬ የልጅ ልጅ ነበሩ። ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት ጊዜ የባላምባራስነት ማዕረግ ነበራቸው፤ የአዲስ አበባ ከተማ ፖሊስ አዛዥም ነበሩ። ሥራቸው ሌባ ማስያዝና የከተማይቱን ጸጥታ መጠበቅ ነበርና በዚያን ጊዜ የሚያውቃቸው ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ የበረሃ ጦር መሪ ይሆናሉ ብሎ ለመገመት አይችልም ነበር።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ጂቡቲ ሄዱ። ከተማይቱም ለቃጠሎና ለዘረፋ ተጋለጠች። ሚያዝያ 27 ቀን የጠላት ጦር ገባ። ባላምባራስ አበበ በከተማይቱ ቆይተው እጃቸውን መስጠት ወይም ወደ ስደት መሄድ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ሊከተሏቸው የወደዱትን ሰዎች ይዘው ወደ ሰሜን ሸዋ ወጡ።

በዚያ ወራት አንድ ታላቅ ወሬ በአገሩ ተሰማ። ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ሦስት የጠላት አይሮፕላኖች በወለጋ፣ ከነቀምት አጠገብ በምትገኘው በቦናያ አረፉ። አመጣጣቸው የአገሩን ሹማምንት በሰላም ለማስገባት ነበር። በዚያው ሌሊት የጥቁር አንበሳ ማኅበር አባላት፣ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶችና የአገሩ ሰዎች በማረፊያው ላይ አደጋ ጣሉ። የኢጣልያ አየር ኃይል ጄኔራል ማልዮኮና ዝነኛው አብራሪ ሎካቴሊ ከጓደኞቻቸው ጋር ሞቱ፤ ሦስቱም አይሮፕላኖች ተቃጠሉ። ከላይ የተናገርነው የጦር ጥበብ በእግረኛ፣ በጠመንጃና በክብሪት ተፈጸመ ማለት ነው። ሆኖም እንዲህ ያለው አጋጣሚ ሁለተኛ አልተገኘም። 

ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. የሸዋ አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ከብዙ አቅጣጫ ዘመቱ። ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው ደጃዝማች አስፋ ወሰን ካሣ ካዘመቷቸው አለቆች መካከል ባላምባራስ አበበ አንዱ ነበሩ፤ ከተማይቱ ውስጥም ገብተው ተዋጉ። ነገር ግን ክረምት ነበርና ወንዞች ሞልተው ነበር፤ የአንዱ አለቃ ጦር ሲደርስ የሌላው ዘገየ፤ በመካከላቸው የሚላላኩበት ሬድዮ አልነበራቸውም። በከተማይቱ ያለው የጠላት ጦር ግን በመትረየስና በአይሮፕላን ይረዳ ነበር። ዘመቻው ከሸፈ። አቡነ ጴጥሮስም በዚያው ሰሞን በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለባላምባራስ አበበ የዕድሜ ልክ ትምህርት ሆነ። ሁለቱ የካሣ ልጆች ሕይወታችሁ ይጠበቃል የሚል ተስፋ ተሰጥቷቸው ለጠላት ገቡ፤ ታኅሣሥ 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፍቼ ተገደሉ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በግንቦትም በደብረ ሊባኖስ የደረሰው እልቂት ሲጨመርበት፣ እጅ መስጠት ሕይወትን እንደማያድን ለሸዋ ሰው ሁሉ ግልጥ ሆነ። በየአገሩ ቤቱን ዘግቶ ተቀምጦ የነበረው ባላገር ጠመንጃውን እያነሣ ወደ አርበኞች ይጎርፍ ጀመር።

አሁን የአገሩን አቀማመጥ ጥቂት እንመልከት። መንዝ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ ነፋሻና ብርዳም ደጋ ነው። በደቡብ ሞፈር ውሃ፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፣ በሰሜን ቀጨኔ የሚባሉት ወንዞች ጥልቅ ገደል ቆፍረው ይከብቡታል። ከቀጨኔ ማዶ ግሼ አለ፤ ከወንጪት ማዶ መርሐ ቤቴ ይታያል። ሰዎች ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆመው ሊጠራሩ ይችላሉ፤ ለመገናኘት ግን ወደ ቆላው ወርዶ እንደገና መውጣት የቀን ሥራ ነው። ታንክና ካሚዮን በዚህ ገደል ሊያልፉ አይችሉም።

አይሮፕላን ግን ገደል አያግደውም። በበቅሎ የቀናት መንገድ የሚሆነውን አገር ካፕሮኒ የሚባለው ባለሦስት ሞተር ቦምብ ጣይ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይደርስበታል። የመንዝ ደጋ ደግሞ ዛፍ የሌለው ገላጣ ነው። በገብስ ማሳ መካከል የሚሄድ ሰውም ሆነ የሚነዳ በግ ከሰማይ ሲታይ በሰሌዳ ላይ እንደ ተጻፈ ነጥብ ነው።

ስለዚህ የሸዋ አርበኞች አኗኗራቸውን ለወጡ። ብዙ ሆኖ በአንድ ቦታ መስፈር ቀረ። ጉዞ በሌሊት ሆነ። ቀን ቀን እሳት ማንደድ ተከለከለ፤ ጢሱ ለአብራሪው ምልክት ነውና። ማደሪያው ዋሻና ገደል ሆነ። ውጊያውም ተቀይሮ፣ አርበኛው መንገድ ላይ አድፍጦ ስንቅ ጫኝን መምታትና አይሮፕላን ሳይደርስ መበተን ሆነ። እኛ እንደሚመስለን የራስ አበበ ታላቅነት የተገለጠው በአንድ በታወቀ የድል ቀን አይደለም፤ ጠላት ቦምቡን የሚጥልበት አንድ የተሰበሰበ ጦር ለአምስት ዓመት በማሳጣታቸው ነው።

የራስነትን ማዕረግ ያገኙትም በዚሁ በበረሃ ነው። አርበኞቹን በአንድ ስም ለማሰባሰብ ሲባል የልጅ ኢያሱ ልጅ መላከ ፀሐይ በሸዋ ንጉሥ ተብለው ነበር፤ ባላምባራስ አበበን ራስ ያሏቸው እሳቸው ናቸው። ወጣቱ ግን ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ከድል በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ማዕረጉን አጸኑላቸው።

ወጣት አንባቢዎቻችን የጀግናን ታሪክ ስናነብ ዋጋውን ማን እንደ ከፈለ መጠየቅ ይገባናል። ጠላት ራስ አበበን መያዝ ሲያቅተው እጁን ያነሣው ባስጠጓቸው ሰዎች ላይ ነበር። ጎጆ ተቃጠለ፣ ከብት ተነዳ፣ እህል በክምሩ ነደደ። ከሁሉ የከፋው በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በመንዝ ቀያ በዘረት የሆነው ነው።

የራስ አበበ ተከታዮች የሆኑ ብዙ ሰዎች በተሾመ ሻንቁጥ መሪነት በዚያ በሚገኝ ታላቅ ዋሻ ውስጥ ተጠልለው ነበር። ከመካከላቸው ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በዋሻ ውስጥ ያለን ሰው የአይሮፕላን ቦምብ አያገኘውም። የኢጣልያ ጦር ዋሻውን ከብቦ መግባት ባቃተው ጊዜ የመርዝ ጋዝ ባለሙያዎችን አስመጣ። ከአይሮፕላን ለሚጣል ቦምብ የተዘጋጀውን ኢፕሪት የተባለ ሥጋን የሚያቃጥልና ሳንባን የሚያበላሽ መርዝ በዕቃ አድርገው ወደ ዋሻው አፍ አወረዱና አፈነዱት። ቀኑ ሚያዝያ 1 ነበር፤ በዚያ ዓመት የትንሣኤ በዓል የዋለውም በዚሁ ቀን ነው። ተሾመና ጥቂት ሰዎች በሌሊት ሰብረው ወጡ። በሦስተኛው ቀን ከዋሻው ወጥተው ከተያዙት መካከል 800 ያህል ወንዶች በጥይት ተረሽነው ወደ ገደሉ ተጣሉ። ይህ ነገር በአገሩ ሰው ልብ ሳይጠፋ ኖረ፤ ዓለም በሰፊው የሰማው ግን ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ የኢጣልያ ጦር ሰነዶች በተመረመሩ ጊዜ ነው።

ራስ አበበ በዚያን ጊዜ ከዋሻው ውጭ ነበሩ። ከዚህ በኋላ መዋጋቱ ይብቃ ቢሉ ማን ይፈርድባቸው ነበር? ጠላትም ይህንኑ አስቦ በ1932 ዓ.ም. የዕርቅ ቃል ላከባቸው፤ ጄኔራል ናዚ ሊያስገቧቸው ብዙ ደከሙ። ራስ አበበ ቃሉን አልቆረጡትም፤ አልተቀበሉትምም። መልእክተኛ ሲመላለስ ቦምብ አይጣልምና ሰዎቻቸው ያርሱበትና ያርፉበት ዘንድ ጊዜውን ገዙበት። ይግባሉ ተብሎ ሲጠበቅ ሳይገቡ ቀሩ። የፍቼው ነገር አልተረሳቸውም ነበር።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። በምሥራቅ አፍሪካ የነበሩት 300 ያህል የኢጣልያ አይሮፕላኖች የስዌዝ ቦይ ተዘግቶባቸው ከአገራቸው ተቆረጡ። ቤንዚን፣ ጎማና መለዋወጫ በመርከብ መምጣቱ ቀረ። ጥቂት ተዋጊ አይሮፕላኖች ብቻ አካላቸው ተፈታቶ በትልልቅ አይሮፕላን እየተጫኑ ከሊቢያ በሱዳን ሰማይ ላይ አልፈው ይመጡ ነበር።

በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ዌልስሊ የተባሉ የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች የአዲስ አበባን የአይሮፕላን ማረፊያ ደበደቡ። ከኬንያ የሚነሡት የደቡብ አፍሪካ አይሮፕላኖችም፣ ከነዚህም አንዳንዶቹ ቀድሞ መንገደኛ ያመላልሱ የነበሩ ዩንከርሶች ናቸው፣ በያቤሎና በሻሸመኔ፣ በኋላም በድሬዳዋና በአዲስ አበባ ማረፊያዎች ላይ እየተመላለሱ ቦምብ ጣሉ። ሥራው ያለ ጉዳት የተገኘ አልነበረም፤ በሻሸመኔ ላይ ከዘመቱት መካከል ሳይመለሱ የቀሩ አሉ። ነገር ግን በ1933 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ላይ የኢጣልያ አየር ኃይል አብዛኛው በየማረፊያው ተቃጥሎ አልቆ ነበር። የመንዝ ገበሬ ካፕሮኒ የማይሰማበት ሰማይ እንደገና አየ።

መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተለቀቀች። ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ሲገቡ የራስ አበበ አርበኞች ጠጉራቸውን እንዳጎፈሩ ለአቀባበል ተሰልፈው ነበር።

እንግዲህ ነፃነታችንን ያመጣው የእንግሊዝ ቦምብ ነው ወይስ የአርበኛው ጠመንጃ? ይህ ክርክር በየሻይ ቤቱ ሲነሣ እንሰማለን። ለእኛ ጥያቄው እንደዚህ ተከፍሎ መቅረቡ ትክክል አይመስለንም። ማረፊያዎቹ ባይመቱ ኖሮ አርበኛው ብቻውን አይሮፕላኑን ሊያጠፋ አይችልም ነበር፤ ቦናያ አንድ ጊዜ ብቻ የተገኘ ዕድል ነው። ነገር ግን አርበኛው አምስት ዓመት ባይጸና ኖሮ የጠላት ጦር በየምሽጉ ታስሮ፣ ቤንዚኑንና ቦምቡን በደጋ ገደል ላይ ሲያፈስ ባልኖረም ነበር። ማረፊያው በጥቂት ወራት ተመታ፤ ጠላቱ ግን ቀድሞ የደከመው በዘረትና በመርሐ ቤቴ ነው።

ከድል በኋላ ራስ አበበ በሲዳሞና በትግራይ አገር ገዥነት፣ በጦር ሚኒስትርነትም አገለገሉ። በጦር ሚኒስትርነታቸው ዘመን ኢትዮጵያ በስዊድኖች ርዳታ በቢሾፍቱ የተቋቋመ አየር ኃይልና ሳብ 17 የተባሉ ቦምብ ጣዮች ነበሯት። በቦምብ ጣይ የታደኑት ሰው ቦምብ ጣይ ያለው ሠራዊት ኃላፊ ሆኑ። በኅዳር 1950 ዓ.ም. ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀ መንበር ተባሉ።

የሕይወታቸው ፍጻሜ የሚያሳዝን ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተነሣው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ጊዜ ከሌሎች ሹማምንት ጋር በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተይዘው፣ ነገሩ እንደ ከሸፈ ባዩት ዐማፅያን በጥይት ተገደሉ። ዕድሜያቸው 57 ዓመት ነበር። የጠላት አይሮፕላን በአምስት ዓመት ያላገኛቸው ሰው በአዳራሽ ውስጥ በወገን እጅ ወደቁ።

ያ ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ ዛሬ የስድስት ኪሎ ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው የሚመላለሱበት ግቢ ነው። በዚያ የሚያልፍ ተማሪ፣ ነገም በቢሮ ወንበር የሚቀመጥ ወጣት ሹም፣ ራስ አበበን በሚያስብበት ጊዜ የዘረትን ዋሻ አብሮ እንዲያስብ እንለምነዋለን። መሪው ጸንቶ የቆመው በስማቸው መጽሐፍ ያልተጻፈላቸው ገበሬዎች ከነልጆቻቸው ስለ ተሸከሙት ነው። ውሳኔ የሚሰጥ ሰው ሁሉ ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ቢያውቅ፣ ከዚህ ታሪክ የሚገባውን ትምህርት አገኘ እንላለን።