ዋልተር ትራቪስና የተዋሰው ፓተር

ዋልተር ትራቪስ እ.ኤ.አ. በ1862 በአውስትራሊያ ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ ኒውዮርክ ተሻግሮ በንግድ ሥራ ተሰማራ። ጎልፍ የጀመረው 35 ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ነበር። ኳስን አርቆ በመምታት ወጣቶቹን እንደማይስተካከል ስለ ተገነዘበ፣ ኳስን ከቅርብ አንከባሎ ጉድጓድ የማስገባቱን ጥበብ በትጋት ተለማመደ። በ1900፣ በ1901 እና በ1903 የአሜሪካ አማተር ሻምፒዮን ሆነ።

በ1904 ለብሪታንያ አማተር ሻምፒዮና ወደ ሳንድዊች በሄደ ጊዜ ግን፣ በለመደው ፓተር ኳሱ አልገባ አለው። በውድድሩ ዋዜማ አንድ አሜሪካዊ ወዳጁ፣ ዘንጉ ወደ መምቻው መካከል ተጠግቶ የተተከለበትን ስኬነክተዲ የተባለ ፓተር አዋሰው። መሣሪያውና አመታቱ ተስማሙ። በፍጻሜው ኳስን አርቆ በመምታት የታወቀውን ኤድዋርድ ብላክዌልን ድል አድርጎ፣ ዋንጫውን ወደ አሜሪካ የወሰደ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

የሴንት አንድሩስ ሕግ አውጪዎች በ1910 ይህን ዐይነቱን ፓተር አገዱ፤ እገዳውም ከአርባ ዓመት በላይ ጸና። ትራቪስ መነሣቱን ሳያይ በ1927 ዐረፈ።

የተዋሰው ዱላ የረዳው በብዙ ልምምድ የጸና አመታት ስለ ነበረው ነው። እኛም በየሙያችን መሣሪያ ከመምረጣችን በፊት የገዛ እጃችንን ጠባይ ጠንቅቀን ልናውቅ ይገባናል።