ከልብስ አጣቢነት እስከ ውበት ትምህርት ቤት፦ የማዳም ዎከር ሕይወት

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬም ሆነ በአካባቢው ገጠር ሹሩባ መሥራትና ፀጉርን በለጋ ቅቤ ማራስ በየቤቱ ያለ ነገር ነው። የውበት ሙያ እንማራለን ስንል ታዲያ ይኼ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል የሚሉን ብዙ ናቸው። የማዳም ሲ ጄ ዎከር ሕይወት ለዚህ መልስ አለው።

ሣራ ብሪድላቭ (የመጀመሪያ ስሟ ነው) በ1867 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ሉዊዚያና፣ ከባርነት ነፃ ከወጡ ወላጆች ተወለደች። በ7 ዓመቷ ወላጅ አልባ ሆነች፤ በ20 ዓመቷ ባሏ ሞተባት። ወንድሞቿ ፀጉር አስተካካይ ወደሆኑባት ሴንት ሉዊስ ሄዳ ልብስ እያጠበች ሴት ልጇን አሳደገች።

የራሷ ፀጉር መርገፍ ሲጀምር መላ ፍለጋ ገባች። በመጀመሪያ የአኒ ማሎንን የፀጉር ቅባት ሸጠች፤ በ1906 ደግሞ የራሷን አዘጋጅታ ቤት ለቤት ታዞር ጀመር። በዚህ ብቻ ግን አላቆመችም። በ1908 በፒትስበርግ የውበት ትምህርት ቤት ከፈተች፤ በ1910 ኢንዲያናፖሊስ ገብታ ፋብሪካ አቋቋመች። በእሷ ዘዴ የሠለጠኑ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቁር ሴቶች ከልብስ አጠባና ከግርድና ወጥተው ራሳቸውን ቻሉ። በ1919 በ51 ዓመቷ አረፈች።

እንግዲህ ሹሩባ መሥራት ብዙ ሰው ይችላል። የራስ ቆዳን ጤና ማወቅ፣ የዕቃን ንጽሕና መጠበቅ፣ ሒሳብ መያዝና ሌላውን ማስተማር ግን ትምህርት ይጠይቃል። ሙያ የሚያሰኘውም ይኼው ነው።